የት ደረስህ?

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ መጥቶ ዋሽንግተን አጠገብ ደለስ ኤርፖርት አረፈ። ወደሚሄድበት ከተማ የሚያደርሰውን ሁለተኛ ትኬት የቆረጠው ከባልቲሞር ኤርፖርት ነበርና ላደርሰው ሄድኩ። ትኬቱን ሲቆርጥ በስልኩ ያየው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። «ከባሕር ዳር ጎንደር እንኳ አይሞላም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አይሞላም። ቀኑ ግን ዓርብ ነበር፣ ያውም ከሰዓት በኋላ።

የፖቶማክን ወንዝ ድልድይ በጭንቅ ተሻግረን፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ቆምን። ስልኩ «48 ደቂቃ ቀረ» ይል የነበረው ሩብ ሰዓት ከነዳን በኋላ «61 ደቂቃ» አለ። እየሄድን ራቅን ማለት ነው። በአራቱም መስመር መኪና ተደርድሯል፣ ሰው ሁሉ ዐይኑን ፊት ለፊት ተክሎ ዝም። ባለቤቴ ደውላ «ስንት ደቂቃ ቀራችሁ?» አለችኝ። የት እንደደረስን አልጠየቀችም። ብትጠይቀኝስ ምን ልላት ነው? «መውጫ ቁጥር 41 አጠገብ»?

ወዳጄን አውሮፕላኑ አመለጠው። እኔ ደግሞ ባሕር ዳርን በማንሳቱ ሐሳቤ እዚያው ቀረ።

ከዓመታት በፊት፣ መንገዱ እንደ አሁኑ ሳያሰጋ፣ ለጥምቀት ጎንደር ልወርድ ፈለግሁ። የከተራ ሰሞን ነውና የጎንደር በረራ ሞልቶ የተገኘልኝ የባሕር ዳር ወንበር ነበር። የሁለቱ ከተሞች ኤርፖርቶች በሰማይ ቢለኩ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። አስፋልቱ ግን ጣናን በምሥራቅ በኩል ይዞራልና 180 ይደርሳል። ካርታው 3 ሰዓት ይላል፤ መናኸሪያውን ግን ካርታው አያውቀውም።

«አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ የሚጣራው ረዳት ጎትቶ ሲያስገባኝ አምስት ወንበር ባዶ ነበር። እስኪሞላ አንድ ሰዓት አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት የቆሎ ከረጢታቸውን ፈተው «እንካ ልጄ» አሉኝ፤ ሚኒባሱ ሳይነሳ አንተ ማነህ፣ የማን ልጅ ነህ ተባብለን ጨርሰናል። ሂሳቡን ካወራረድነው እኩል ነው፦ እዚያ ሳይነሱ ይጠብቃሉ፣ እዚህ ተነስተው ይጠብቃሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቆሎ ያለበትን እመርጣለሁ።

አክስቴ ደግሞ ስልክ አታስቀምጥም። «የት ደረስህ?» ወረታ። የፎገራ ላሞች አስፋልቱን ሞልተው ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ጥሩንባ እንኳ አላሰማም። «የት ደረስህ?» አዲስ ዘመን። «ኧረ ገና ነህ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመለሳለሁ።» እንፍራንዝ ስደርስ ስልኳ አይነሳም። ማክሰኚት ላይ ራሷ ደወለች፤ ልጁን ስኳር ልካዋለች። ስለ ደቂቃ አንድም ጊዜ አልተነጋገርንም። ደቂቃ ብነግራት ምን ታደርግበታለች? ማክሰኚት ብላት ግን ምን ያህል ሥራ እንደሚቀራት ታውቃለች።

አዘዞ ላይ በመስኮቱ የጎንደርን ኤርፖርት አየሁት። ከባሕር ዳር በመኪና ለሚመጣ ሰው ኤርፖርቱ ከከተማው ይቀድማል። ትኬት አግኝቼ ቢሆን የማርፈው እዚያ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ በአየር የመጣውም በሚኒባስ የመጣውም ሽቅብ የሚወጣው በዚያው አንድ መንገድ ነው።

ስልኬ ጮኸ።

«የት ደረስህ?»

«አዘዞ።»

«እንግዲያ ቡናው ይቆላ!»