ሪባን ሲቆረጥ ማጨብጨብ ይብቃን

የጅማ ሰዎች፣ ዛሬ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው፤ ከመንግሥት ጋር አይደለም። መንግሥትን የሚወቅስ ሞልቷል፣ ማኪያቶ ባለበት ሁሉ አለ። እኛን የሚወቅስ ግን ጠፋ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሲመረቅ ደስ ብሎን ነበር። ደስ ሊለንም ይገባል። 75 ሄክታር መሬት፣ 9 ትልልቅ ሼዶች፣ የውስጥ መንገድ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ አጨበጨብን፣ ወደየቤታችን ሄድን። ሼዶቹ ቶሎ ሳይሞሉ ሲቀሩ ደግሞ "ምን ዋጋ አለው፣ ለፎቶ ነው" ማለት ጀመርን። ከጭብጨባ በቀጥታ ወደ ሐሜት። ማን ገባ? ምን ሊያመርት ፈረመ? ካለው ውስጥ ምን ያህሉን አመረተ? ያላመረተውስ ምን ተደረገ? ስንቶቻችን ነን ይህን የጠየቅነው?

ትልቁ ጥፋታችን ይኸው ነው። መንግሥት ኢኮኖሚውን ይመራል ሲባል ሕንፃ ሠርቶ ያስረክበናል ማለት ይመስለናል። ሕንፃማ ቀላሉ ነው። ብድርና ተቋራጭ ካለ ይቆማል። ከባዱ መሬትና ብድር የሰጡትን ሰው መቆጣጠር፣ ካልሠራ መንጠቅ ነው።

ደቡብ ኮሪያን ማንሳት እንወዳለን። "የቃኘው ልጆች ሄደው የተዋጉላት አገር ዛሬ የት ደረሰች" እያልን እንቆጫለን። ቁጭቱ ልክ ነው። እንዴት እንደደረሰች ግን አናወራም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኮሪያ ወደ ውጭ የላከችው ሸቀጥ 100 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ1977 10 ቢሊዮን ገባ። መጀመሪያ አካባቢ ከላኳቸው ነገሮች አንዱ ከሴቶቻቸው ፀጉር የተሠራ ዊግ ነው፤ አላፈሩበትም። መንግሥታቸው ለፋብሪካዎች ርካሽ ብድር ይሰጥ ነበር። በምላሹ ግን ውጤት ይጠይቃል። ፕሬዚዳንት ፓርክ ቹንግ ሂ የኤክስፖርቱን ስብሰባ በየወሩ ራሳቸው ይመሩ ነበር። የላከ ይጨመርለታል፣ ያልላከ ብድሩ ይደርቅበታል። (የሠራተኛውን ማኅበር ረግጠው፣ የተናገረውን አስረው ነው የሄዱት። እሱን ቅዱ እያልኩ አይደለም።)

እኛ ዘንድስ? ኢንቨስተር ነኝ ያለ ሰው መሬት ይወስዳል። ያጥራል። ዘበኛ ይቀጥራል። ዘበኛው አጥሩ ውስጥ በቆሎ ይዘራል፤ በግቢው ውስጥ የተመረተ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ዓመታት ያልፋሉ፣ የመሬቱ ዋጋ ይወጣል፣ ሰውዬው ለሌላ ያስተላልፈዋል። እኛስ ምን እንላለን? "ጎበዝ ነው፣ ያውቅበታል!" በየሰርጉ ፊት ወንበር ላይ እናስቀምጠዋለን። ወገኖቼ፣ ያ መሬት ትናንት የገበሬ ማሳ ነበር። ብድሩ የእኔና የእናንተ ቁጠባ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባለት መኪና እኛ ላይ የዞረ ግብር ነው። ተዘርፈን ዘራፊውን እያመሰገንን ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያልን ለልጆቻችን እየሳቅን የምናስተምረውም እኛው ነን። ከዚያ ሙስና ከየት መጣ እንላለን።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። እዚህ ላይ በመንግሥት ማሳበብ ብዙም አያስኬድም።

ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ሊሙ፣ ጎማ፣ ማና፣ ጌራ፣ ሁላችንም አለንበት። ከሞላ ጎደል ሁሉም የወጣው ጥሬውን ነው። "ለምን እዚሁ ቆልተን አንልክም?" ትላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ማሽን መግዛት ብቻ አይደለም። የተቆላ ቡና ቶሎ ጣዕሙ ይሄዳል። ማሸጊያው ውድ ነው። ገዢው ደግሞ ዛሬ የቀመሰውን ያንኑ ጣዕም ለዓመቱም ይፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ፋብሪካ ውስጥ አይጀመርም። ከጓሯችን ነው የሚጀመረው።

በለቀማ ወቅት ወደ አጋሮ መንገድ ውጡና እዩ። ቅርንጫፉን ይዞ ቀዩንም አረንጓዴውንም አንድ ላይ የሚሸመጥጥ እጅ ታያላችሁ። ቡናው መሬት ላይ ይሰጣል፣ አንዳንዴም አስፋልት ዳር። ዶሮ ይጭረዋል፣ ፍየል ይረግጠዋል፣ ባጃጅ አቧራውን ይነሰንስበታል። ካፊያ ሲመጣ እየተሯሯጡ ያፍሱና ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ያምቁታል። ሚዛን እንዲያነሳ ትንሽ ጠጠር የሚጨምርም አለ። ቡናውን የሚገዛው ሰብሳቢ ነጋዴ ይህን ስለሚያውቅ ከዋጋው ይቆርጣል። ገበሬው መቆረጡ እንደማይቀር ስለሚያውቅ አይለፋም። ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሌባ ይላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። የጅማ ቡና በገዢዎች ዘንድ ለዓመታት አፈር አፈር የሚል ርካሽ ቡና ተብሎ የኖረው በዚህ ነው። ዛፉ ምን አጠፋ?

ዛፉ እንዳላጠፋ ደግሞ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ2010 በጎማ ወረዳ ገበሬዎች ዱሮሚና የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ያው አፈር፣ ያው ዝናብ። ቀዩን ብቻ ለቀሙ፣ አጠቡ፣ ከመሬት ከፍ ባለ የማስጫ አልጋ ላይ አሰጡ። በ2012 ቡናቸው በውድድር የአፍሪካ ምርጥ ተባለ። ድጋፍና ብድር አግኝተዋል፣ አልክድም። ግን አማካሪ ቀዩን አይለቅምላችሁም።

ልጆቻችንንም እናንሳ። "ዲግሪ ይዛ ልብስ ልትሰፋ ነው?" የሚል እናትና አባት በየቤቱ አለ። ልጅቷም የመንግሥት ሥራ እስኪወጣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታይ ትከርማለች። ወላጆች ምክንያት የላቸውም አልልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሐዋሳ ፓርክ ውስጥ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አካባቢ ነበር። የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ምን ይተርፋል? ግን ይህን አይተን ምን አደረግን? በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይደንገግ ብለን አብረን መጮህ ሲገባን ሥራውን ናቅነው። የተናቀ ሥራ ደግሞ ደመወዙም የተናቀ ነው።

"ኢትዮጵያ ታምርት" የሚለው ንቅናቄ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ታምርት እንላለን፤ መግዛቱን ግን ለጎረቤት እንተዋለን። በሦስት እግር በርጩማው አገር ያወቀው ከተማ፣ ሰርግ ሲደርስ "የውጭ ነው" ያልተባለ ሶፋ አያስገባም። የሒርማታ ገበያ አናጢ ታዲያ ለማን ይሥራ?

መብራቱን አልረሳሁትም። 184 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ ደጃችን ነው፤ የእኛ ወፍጮ ቤት ደግሞ መብራት ሄዶ እህል እንደያዘ ይቆማል። በዚህስ መንግሥትን ውቀሱ፣ እኔም አለሁበት።

በሚቀጥለው የሕዝብ ውይይት ግን ማይኩ ሲደርሳችሁ "ለተደረገልን ሁሉ እናመሰግናለን" ብላችሁ አትጀምሩ። መሬት የወሰዱት ሰዎች ዝርዝር ይለጠፍ በሉ። በስንት ጊዜ ሥራ ሊጀምሩ ፈረሙ? ጀመሩ? ያልጀመረው መቼ ይነጠቃል? ሰብሳቢው ወሬውን ወደ ኮብልስቶን ሊወስደው ቢሞክር መልሱት። ምናልባት እሱም "እናንተስ አረንጓዴውን ለምን ትሸመጥጣላችሁ?" ይላችሁ ይሆናል። መልሳችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ።