ማክሮውን ፈርተው እጃችንን አመኑት

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰርኩላር ደረሰን። ገጽ ተኩል ነው፣ ፍሬ ነገሩ ግን ሁለት መስመር አይሞላም፦ ማክሮ (ተደጋጋሚ ሥራን በራሷ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት የኤክሴል ፋይል ከእንግዲህ በቢሮ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም፤ በፎርም የሚሰበሰበው መረጃ ደግሞ «በሠራተኛ እጅ በጥንቃቄ ይመዘገባል»። «በጥንቃቄ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራውም የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ያልደረሰው ቢሮ ካለ ዕድለኛ ነው።

የተከለከለው ነገር ምን እንደሆነ ግን ይታወቅ። ሰዎች የፒዲኤፍ ፎርም ይሞላሉ። ፎርሙ የተሞላውን ብቻ ለይቶ በትንሽ ፋይል ይልክልናል፤ ኤፍዲኤፍ ይባላል። በኖትፓድ ብትከፍቱት የሳጥኑ ስም አለ፣ አጠገቡ የተሞላው መልስ አለ፣ ደግሞ የሌላው ሳጥን ስም፣ ደግሞ መልሱ። ማክሮዬ የምትሠራው ፎልደሩን ከፍታ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማንበብ፣ መልሶቹን በየዓምዳቸው ማስገባት፣ አንዱን ፋይል ስትጨርስ ወደሚቀጥለው ረድፍ መውረድ ነው። በቃ። መቶ መስመር የማትሞላ ኮድ ናት። ሦስት መቶ ፎርም ወንበሬን አስተካክዬ ሳልቀመጥ ትጨርሰዋለች።

ይህችን ነው «የደህንነት ስጋት» ያሏት።

ስብሰባ ላይ ለምን ብለን ጠየቅን። የአይቲ ኃላፊው መለሱ፦ «ማክሮ ማለት እኮ ቫይረስ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ከልክሎታል።»

የለም፣ አልከለከለም። ማይክሮሶፍት በ2022 መጀመሪያ ላይ ያስታወቀው ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ውስጥ ያለ ማክሮ እንዳይነሳ ማገድን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ዊንዶውስ ከውጭ በመጣው ፋይል ላይ ምልክት ያደርግበታል፣ ኦፊስ ምልክቱን አይቶ ማክሮውን ያግዳል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሰው ሲያጉረመርም እገዳውን ለጊዜው አንስተውት ነበር፤ ወሩ ሳያልቅ መለሱት። እዚሁ ማሽን ላይ የተጻፈን ማክሮ ግን እገዳው አይነካውም። በታመነ ፎልደር ለተቀመጠ ፋይልና በዲጂታል ፊርማ ለተፈረመ ኮድም በሩ ክፍት ነው። ይህ ሁሉ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፣ እኛ ጋ ገና ትናንት የተሰማ ዜና ይመስል ሰርኩላር ይጻፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። ያውም የጮኸው በጅቡ ላይ ሳይሆን በቤተሰቡ ላይ ነው።

የማክሮ ቫይረስ የለም አላልኩም። በ1999 ሜሊሳ የተባለው በዎርድ ፋይል ውስጥ ተደብቆ በኢሜይል ዓለምን ሲያዳርስ የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከማታውቁት ሰው የመጣ ማክሮ ያለበት ፋይል አትክፈቱ ቢሉን እሺ፣ እጅ እንነሳለን። ግን እኛ ጋ ከውጭ የሚመጣው ምንድን ነው? የዳታ ፋይሉ ነው። ማክሮዋ ከውጭ አልመጣችም፤ እዚሁ ተጽፋ እዚሁ ያረጀች ናት። የሚመጣውንም ፋይል እንደ ጽሑፍ ታነበዋለች እንጂ አታስነሳውም። አዲሱ አሠራር ደግሞ ምን ይላል? ሠራተኛው ከውጭ የመጣውን እያንዳንዱን ፋይል በፒዲኤፍ ማንበቢያ ደብል ክሊክ አድርጎ ይክፈት፣ እያየ ይገልብጥ። ኤፍዲኤፍ ውስጥ እኮ ለፒዲኤፍ ማንበቢያው የሚሆን ጃቫስክሪፕት፣ ማለትም የሚነሳ ኮድ፣ መጨመር ይቻላል! ማክሮዋ ፊደል ብቻ ታያለች፣ ደብል ክሊኩ ግን ፋይሉን እንዳለ ያስነሳዋል። በደህንነት ስም አደጋውን ሦስት መቶ ጊዜ እንድንከፍት ታዘዝን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ደህንነቱን ግን እንተወው፣ እኔን ያናደደኝ እሱ አይደለም። ያናደደኝ ከዚያ በኋላ ኃላፊው የጨመሩት ነው፦ «ቢያንስ በእጅ ሲገባ ሰው ያየዋል፣ ማሽን ሲሳሳት ግን ማንም አያውቅም።»

እውነቱ የዚህ ግልባጭ ነው። የማሽን ስህተት ነው የሚታየው። የእጅ ስህተት ነው ማንም የማያውቀው።

ከራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል። ማክሮዋን መጀመሪያ የጻፍኩ ጊዜ በላቲን ፊደል ለተሞሉ ፎርሞች ደህና ሠራች። በአማርኛ የተሞላው ሲመጣ ጉድ ፈላ። ብሩክ የተባለ ሰው ሁሉ «ብቜ» ሆኖ ገባ። ሩት የተባለች ሁሉ «ቜ» ብቻ ሆና ቀረች። ቜ! በአማርኛ የማንጽፋት ፊደል፣ ኪቦርዱ ላይ ፈልጌ እንኳ የማላገኛት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኤፍዲኤፍ መልሱን በቅንፍ ውስጥ ያስቀምጣል። የላቲን ያልሆነ ፊደል ሲሆን እያንዳንዱን ፊደል በሁለት ባይት፣ ማለትም በሁለት ቁጥር፣ ይጽፈዋል። የ«ሩ» ሁለተኛ ባይት ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከቅንፍ መዝጊያው ጋር አንድ ቁጥር ነው። የ«ረ» ደግሞ ከቅንፍ መክፈቻው ጋር። ስለዚህ ፋይሉን የሚጽፈው ፕሮግራም «ይቺ ቅንፍ አይደለችም» ለማለት ከፊቷ የኋልዮሽ ሰረዝ (\) ይጨምርባታል። የኔ ማክሮ ሰረዙን አላወቀችውም፤ የመጀመሪያውን መዝጊያ ስታገኝ ስሙ አለቀ ብላ ቆረጠችው። በጭራው የቀረው ሰረዝ ከሩ የመጀመሪያ ባይት ጋር ተጣብቆ ሲነበብ ያቺን ቜ ይሰጣል። ሰረዙን የሚዘል መስመር ጨመርኩ። ሁሉም ብሩክ፣ ሁሉም ሩት፣ ስሙ ውስጥ ሩ ያለበት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተስተካከለ።

አሁን አስቡት። ይህ ስህተት «ማንም አያውቀውም» የተባለው ዓይነት ነው? ገጹን በከፈትኩ በደቂቃ ውስጥ ዓይኔን ወጋኝ፤ ምክንያቱም ማሽን ሲሳሳት ወጥ ሆኖ ነው የሚሳሳተው። አንዱን ብሩክ አበላሽቶ ሌላውን አይምርም። ዓምድ ካዛነፈ ሦስት መቶውንም ረድፍ ያዛንፋል፣ ዕድሜ የነበረበት ቦታ ስልክ ቁጥር ተደርድሮ ታያላችሁ። ምክንያቱ አንድ ነው፣ ኮዱ ውስጥ ተቀምጧል፣ ተነብቦ ይገኛል፣ አንዴ ሲታረም ለሁልጊዜ ይታረማል።

እጅስ? እጅ 117ኛው ረድፍ ላይ 6ን 9 ያደርጋል። ለምን? ስልክ ጮኸ፣ ጎረቤት ጠራው፣ ሰዓቱ መሸ፣ ዓይኑ ደከመ። 118ኛው ላይ ደግሞ ትክክል ይጽፋል። የት እንደተሳሳተ እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ ኃላፊውም አያውቁ። ለማግኘት ሦስት መቶውንም ፎርም እንደገና አንድ በአንድ ማመሳከር ሊኖርብን ነው፣ ያንንም የሚያመሳክረው ያው ዓይን ነው። አንዱን ፎርም ሁለት ጊዜ ቢያስገባውስ? አንዱን ቢዘለውስ? ማክሮዬ መጨረሻ ላይ ስንት ፋይል እንዳገኘችና ስንት ረድፍ እንደጻፈች ትናገራለች። የመጨረሻው ዓምድ ላይ የፋይሉን ስም ታስቀምጣለች፣ ስለዚህ የተጠራጠርኩትን ረድፍ ይዤ በቀጥታ ወደ ምንጩ እሄዳለሁ። በእጅ የሞላ ሰው ከየትኛው ፎርም እንዳመጣው ምን ምልክት ይተዋል? ምንም። ጣት ዱካ የለውም።

ኃላፊው ይህን ስል ዝም አላሉም። የእንግሊዝን ነገር አነሱ። በ2020 የኮቪድ ውጤቶች ወደ ኤክሴል በአውቶማቲክ ሲገቡ 15,841 የተያዙ ሰዎች ከቆጠራው ወጥተው መቅረታቸውን። «አየህ፣ ማሽን ሲያስገባ እንዲህ ነው» አሉኝ።

እኔም ይኼን ነበር የምጠብቀው። እነዚያን ሰዎች ያስቀረው ማሽን ማስገባቱ አይደለም፤ በአሮጌው ኤክስኤልኤስ ፎርማት ማስገባታቸው ነው። እሱ 65,536 ረድፍ ላይ ያልቃል። ከ2007 ወዲህ ያለው 1,048,576 ይይዛል። አንድ ሰው ደግሞ በርካታ ረድፍ ስለሚወስድ ሉሁ ቶሎ ሞላ፣ የተረፈው ወደቀ። የገባውን ከወጣው ጋር የሚያወዳድር አንድ መስመር ኮድ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይጮህ ነበር። ደግሞስ ስንት ሰው እንደጎደለ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደጎደለ እስከ አንድ ድረስ የታወቀው ለምን ይመስላችኋል? ስህተቱ የማሽን ስለነበረ ነዋ! በእጅ ቢሆን ዛሬም «ወደ አሥራ ምናምን ሺህ» እያልን ነበር።

ምሳሌ ከተፈለገ እኔም አለኝ። ጄፒሞርጋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ በ2012 ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ባንኩ ራሱ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ላይ ከዘረዘራቸው ጉዶች አንዱ ምን ነበር? የስጋት ማስያ ሞዴሉ ከአንድ የኤክሴል ፋይል ወደ ሌላው በእጅ ኮፒ ፔስት እየተደረገ ይሠራ እንደነበር። በእጅ! እነዚያ ሰዎች «በጥንቃቄ» አልተባሉም ይሆን? ተብለዋል እንጂ። ጥንቃቄ ሰውየው ቢሳሳት ጥፋተኛው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የምትወስን ቃል ናት። ለዚህ ነው ያዙልኝ ያልኳችሁ። ማክሮ ሲሳሳት ኮዱን ያጸደቀው ክፍል ይጠየቃል፣ እጅ ሲሳሳት «ጥንቃቄ ያላደረገው» ጀማሪ ሠራተኛ ይጠየቃል። ሰርኩላሩ የጻፈልን የደህንነት መመሪያ ሳይሆን የኃላፊነት ማስተላለፊያ ነው። ይህን ማስረጃ ይዤ አይደለም የምለው፣ ግን አንብቡትና ሌላ ትርጉም ካገኛችሁ ንገሩኝ።

ኤክሴልም በእጅ ስትጽፉለት የሚምራችሁ እንዳይመስላችሁ። በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥር ስትጽፉ ዜሮውን ይበላል። ባለ 16 አሃዝ ቁጥር ስትሰጡት የመጨረሻዋን አሃዝ ዜሮ ያደርጋታል፣ ከ15 በላይ ስለማይዝ። ቀን የሚመስለውን ሁሉ ቀን ያደርጋል፤ በዚህ ጠባዩ የተነሳ በ2020 የጂን ስያሜ የሚያወጡት ሳይንቲስቶች ማርች 1 የሚባለውን ጂን ስሙን እስከ መቀየር ደርሰዋል። ማክሮዬ ዓምዱን መጀመሪያ ጽሑፍ ነው ብላ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ታስገባለች። ሰው ይህን ስንቴ ያስታውሳል?

«ሌላ መንገድ ፈልጉ» የሚሉም አሉ። መረጃን ከፋይል ወደ ኤክሴል የሚያመጣ ፓወር ኩዌሪ የሚባል መሣሪያ አለ ይላሉ። አለ፣ ጎበዝም ነው፣ ከ2016 ጀምሮ ኤክሴል ውስጥ ተካቷል፣ ለሲኤስቪና ለኤክስኤምኤል ፋይሎች እኔም እጠቀምበታለሁ። ኤፍዲኤፍን ግን በስሙ እንኳ አያውቀውም። አክሮባት የሚባለው የፒዲኤፍ ፕሮግራም ራሱ የፎርም ዳታን ወደ አንድ ሠንጠረዥ ማዋሃድ ይችላል፤ ላለው ይሁንለት፣ እኛ ጋ የተጫነው ማንበቢያው ብቻ ነው። «አዲስ ሲስተም እየተገዛ ነው» የሚለውን ደግሞ አልመልስለትም። ላም አለኝ በሰማይ።

መፍትሔ አምጣ ከተባልኩ ረጅም አይደለም። ኮዱን አይቲ ያንብበው፣ ይፈርምበት፣ አንድ የታመነ ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፣ እኔን ጨምሮ ማንም እንዳይነካው ይቆለፍ። ለማንበብ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰርኩላሩን ለመጻፍ ከዚያ በላይ ሳይፈጅ አይቀርም።

ትናንት በጠዋት ሥራው የተሰጠውን ልጅ አየሁት። በግራ በኩል ፎርሙን፣ በቀኝ በኩል ኤክሴሉን ከፍቶ አንገቱን ግራና ቀኝ ያዞራል። ከሰዓት ሳልፍ 41ኛው ላይ ነበር። ሰርኩላሩ በመጨረሻው አንቀጽ «ቅሬታ ያለው ሠራተኛ ተያይዞ የተላከውን የፒዲኤፍ ፎርም ሞልቶ ይላክ» ይላል። ሞልቼ ልኬያለሁ። ለእኔ ቅሬታ 6 ቁጥር ሰጥተውኛል፣ ሲገለበጥ 9 ካልሆነ።