ሚኒሞ መጨመር ጥገና አይደለም

እስኪ ዛሬ ልተንፍሰው። ሁለት ወር ሙሉ አንጀቴን ሲያሳርረኝ ከረመ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ አሰላ ነው የምኖረው። ሥራዬ በሞተር ነው። ጠዋት ጎንዴ፣ ከሰዓት ሳጉሬ፣ ማታ ስልክ ከጮኸ ደግሞ ወደተጠራሁበት። 100 ሲሲ የህንድ ሞተር ናት፤ ስድስት ዓመት አገልግላኛለች። ኋላዋ ላይ የመድኃኒት ሳጥኔ ታስሯል። እሷ ቆመች ማለት እኔም ቆምኩ ማለት ነው።

ይቺ ሞተር ክፉ አመል አወጣች። ስትሄድ ምንም አትልም። ዳገት ትወጣለች፣ ነዳጅ ሲሰጣት ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ነዳጁን (የእጅ መጠምዘዣውን ማለቴ ነው) ለቅቄ ፍሪሲዮን ስይዝ ግን ጭጭ። አደባባይ ላይ ጭጭ። በግ ሲያቋርጥ ቆም ስል ጭጭ። ጠዋት በቅዝቃዜው ደግሞ ደህና ናት። ሃያ ደቂቃ ተነድታ ስትሞቅ ነው የሚነሳባት።

ልብ በሉ፣ ይሄ ራሱ ግማሽ ምርመራ ነው። መቼ ይነሳባታል? ስትሞቅ። ምን ሲሆን? ነዳጅ ሲለቀቅ። መቼ ይተዋታል? ስትሮጥ። እኔ ላም ታማለች ተብዬ ስጠራ መርፌ ይዤ አልዘልባትም። ከመቼ ጀምሮ ነው? ትበላለች? ታመሰኳለች? እበቷ እንዴት ነው? እላለሁ። ትኩሳቷን እለካለሁ። ሳጥኔን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ለሞተሬም የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር፤ የሚጠይቅ ሰው።

የመጀመሪያው መካኒክ "ስትሞቅ..." ስል አቋረጠኝ። ካቻቢቴ መዘዘ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ጎን ያለችውን ብሎን ሁለት ዙር አጠበቃት። ሞተሯ ጮኸች። "ሚኒሞዋ ወርዶ ነው ዶክተር፣ ይኸው" አለኝ። 200 ብር። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሚኒሞ ማለት ነዳጅ ሳይሰጣት ሞተሯ በራሷ የምትዞርበት ፍጥነት ነው። እንደኔ ላለች ትንሽ ሞተር በደቂቃ 1,400 ዙር አካባቢ ነው። እሱ ብሎኗን ሲያጠብቅ በሽታውን አልነካውም። እኔ በእጄ ጠምዝዤ የምሰጣትን ነዳጅ እሱ በብሎን ሰጠልኝ፤ በቃ። መዘዙን የምቀምሰው ደግሞ እኔ ነኝ። ቆማ ትጮሃለች፣ ቤንዚን በከንቱ ትጠጣለች። ቤንዚን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ አገር ያውቃል። አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ቋ ብላ ትዘላለች። ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ለቅቄው እንኳ ወደፊት ትገፋኛለች። በጭቃ ላይ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ሞተር የነዳ ያውቀዋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ፣ ስትሞቅ፣ ያው ጭጭ።

ሁለተኛው መካኒክ ካንዴላ (ቤንዚኑን የምታቀጣጥለውን ብልጭታ የምትሰጠውን) ቀየረልኝ። አሮጌዋን ፈታ፣ ሳያያት ቆርቆሮ ውስጥ ጣላት። ሄጄ አነሳኋት። ጫፏ እንደ አመድ ነጥቷል። ነጭ ካንዴላ ሞተሩ አየር በዝቶበታል፣ ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ተቃራኒው ነው። ደህና ሞተር ካንዴላው ቡናማ ነው። መልሱ እጁ ላይ ነበር እኮ! በ600 ብር አዲስ ገጥሞ አሮጌዋን ወረወራት። እኔ የላሟን ሽንት ሳላይ ብደፋው ምን ትሉኛላችሁ?

ሦስተኛው የባሰ ነው። ካርቡሬተሩን በታተነው። ውስጡ ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ጄት አለች፤ ሞተሯ ነዳጅ ሳይሰጣት ስትቆም ቤንዚን የምታገኘው በእሷ በኩል ነው። ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ቤንዚን ተኝቶ ሲቆይ ሙጫ ይሠራና ይደፍናታል፤ ስለዚህ እሷን መጠርጠሩ ልክ ነው። ጥፋቱ የጠረገበት ነው። ከፍሬን ሽቦ አንዲት ክር መዝዞ ወጋ ወጋ አደረጋት። ሽቦው ብረት፣ ጄቷ ለስላሳ ነሐስ። ቀዳዳው ሰፋ። ለእሷ ማጽጃ ፈሳሽና የአየር ግፊት በቂዋ ነበር። በማግስቱ ሞተሯ ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር። "ካርቡሬተሩ ሞቷል፣ ቀይረው" ተባልኩ።

አዳማ ወርጄ በ4,500 ብር አዲስ ገዛሁ። እዚያው ገጥመው፣ ቤንዚኑ ስንት አየር እንደሚቀላቀልበት የምትወስነውን የአየር ብሎን እዚያው አስተካክለው ሸኙኝ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። አሰላ 2,400 አካባቢ። ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ለዚያው ቤንዚን አየሩ ያንሰዋል። "የት ነው የምትነዳት?" ያለኝ አንድም ሰው የለም። አሰላ ስደርስ ቀዝቃዛዋ ሞተር ታጨሳለች፣ የሞቀችው ሞተር ትጠፋለች። ምልክቱ ተደበላለቀ። ሳይመረመር አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት ሲያመጡልኝ የማየው ልክ ይሄንን ነው። ዋናው በሽታ ከሥር ተደብቆ፣ ላዩ ላይ ሌላ ተጨምሮበት።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። ከሳጉሬ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንዲት እናት ደወሉልኝ። "ልጄ ድረስልኝ፣ ላሚቱ ምጥ ይዟታል፣ እግሩ ወጥቶ ቀረ" አሉኝ። ዝናብ ነበር። ከአስፋልቱ እንደወጣሁ ጀመራት። ኩርባ ላይ ትጠፋለች፣ በእግሬ እመታታለሁ፣ ትነሳለች። መቶ ሜትር ሄዳ ትጠፋለች። ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት። ከወትሮው አርባ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ላሟ ተረፈች። ጥጃውን ግን ሞቶ ነው ያወጣሁት፤ ሴት ነበረች። እናትየው ሙቅ ውሃ በጣሳ ይዘው እጄን እያስታጠቡኝ "የእግዜር ሥራ ነው ልጄ" አሉኝ። ቀድሜ ብደርስ ትተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ያቺ አርባ ደቂቃ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

በማግስቱ ሥራ አልገባሁም። 20 ሚሊ ሲሪንጅ ውሃ ሞላሁ። ሞተሯን ነድቼ አሞቅኳት፣ ግቢ ውስጥ አቆምኳት፣ ሳትጠፋ እንድትቆይ ሚኒሞዋን ትንሽ ከፍ አደረግኩት። ከዚያ በመርፌው ጫፍ ውሃውን በየመጋጠሚያው ጠብ ጠብ ማድረግ ያዝኩ። (በውሃ ነው የምላችሁ። ቤንዚን የሚረጩ አይቻለሁ፤ የጋለ ኢንጂን ላይ ቤንዚን መርጨት ራስን ማቃጠል ነው።) ካርቡሬተሩን ከቴስታታው (ከኢንጂኑ ራስ) ጋር የሚያገናኝ አጭር ጎማ አለ። እሱ ሥር ስደርስ ድምጿ ተለወጠ። ውሃው ፍስስ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ። ቆም አልኩ፣ ድምጿ ተመለሰ። ደገምኩት፣ ድምጿ ደግሞ ተለወጠ።

ጎማውን ፈትቼ በሁለት አውራ ጣቴ ለጠጥኩት። ከሥሩ በኩል፣ ቆሞ ለሚያይ በማይታይበት፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ስትለጥጠው እንደ ከንፈር ትከፈታለች፣ ስትለቀው ትገጥማለች። ነዳጅ ሲለቀቅ የካርቡሬተሩ በር ይዘጋል፣ ኢንጂኑ ደግሞ መሳቡን አያቆምም። በበሩ ያጣውን አየር በስንጥቋ ይስባል። ያቺ አየር ቤንዚን አልያዘችም፤ ስለዚህ ይጠፋል። ስትሮጥ በሩ ወለል ብሎ ስለሚከፈት የስንጥቋ አየር ከቁጥር አይገባም። ጠዋት ጎማው ቀዝቅዞ ይገጥማል፣ ሲሞቅ ይከፈታል። የነገርኳቸው ምልክት ሁሉ እዚህች ስንጥቅ ላይ ያርፋል። ሦስቱም መካኒኮች እጃቸው በዚህ ጎማ አጠገብ አልፏል። ካርቡሬተር የቀየሩት እንኳ ፈትተው ያንኑ ጎማ መልሰው ገጠሙት!

የጎማው ዋጋ 350 ብር ነበር። በዚያው ዕለት ገጠምኩት፣ የአየሩን ብሎን ለአሰላ አየር አስተካከልኩት፣ ሚኒሞውን ወደ ቦታው መለስኩት። ይኸው አንድ ወር ሆናት፤ አንድ ቀን አልጠፋችብኝም።

ሁሉንም መካኒክ በአንድ ሙቀጫ አልወቅጥም። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፣ አለቃቸው ሲሠራ እያዩ ነው የለመዱት። እኛም ደንበኞች "ቶሎ በል፣ ቸኩያለሁ" እያልን ጭንቅላታቸው ላይ እንቆማለን። ዕቃ ሲቀየር እንከፍላለን፣ ለምርመራ ክፈሉ ብንባል ግን እንጣላለን። ይሄ ገብቶኛል። ግን ወንድሞቼ፣ መጠየቅ ምን ያስወጣል? "ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ?" ለማለት ምን ዓይነት መፍቻ ያስፈልጋል? የፈታችኋትን ካንዴላ ገልበጥ አድርጎ ማየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? በዚያች ሞተር ላይ የሰው እንጀራ አለ። አንዳንዴ ምጥ የያዛት ላም አለች።

ስንጥቁ ጎማ መድኃኒት ሳጥኔ ውስጥ ነው፤ አልጣልኩትም። አሰላና አካባቢዋ ያላችሁ፣ ሞተራችሁ ስትሞቅ የምትጠፋ ከሆነ ካንዴላም ካርቡሬተርም ከመግዛታችሁ በፊት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሲሪንጅ ይዤ እመጣለሁ።