ፐርሴየስ የፖሲዶን ልጅ አልነበረም

ፐርሲ ጃክሰን ስለሚባል ልጅ በሚተርከው ልብ ወለድ መጽሐፍ ላይ በተሰጡት አስተያየቶች ላይ አንድ ነገር ሲደጋገም አየሁ። «ፐርሲ የፖሲዶን ልጅ የሆነው የጥንቱ ፐርሴየስም የባሕሩ አምላክ ልጅ ስለነበረ ነው» የሚል። ስማቸው አንድ ስለሆነ («ፐርሲ» የ«ፐርሴየስ» ማሳጠሪያ ነው) እንዲህ ቢታሰብ አይገርምም። ግን ልክ አይደለም፤ በግሪኮቹ ተረት የጀግናው የፐርሴየስ አባት የአማልክቱ ንጉሥ ዜኡስ ነው።

ንጉሥ አክሪሲዮስ «የልጅህ ልጅ ይገድልሃል» ተብሎ ተተነበየለት። ፈርቶ ልጁን ዳናኤን ከመሬት በታች በነሐስ ክፍል ቆለፈባት። ዜኡስ ግን የወርቅ ዝናብ ሆኖ በጣሪያው ወረደ። ፐርሴየስ ሲወለድ አያትየው እናትና ልጁን ሣጥን ውስጥ ከቶ ባሕር ላይ ጣላቸው።

የመጽሐፉን ፐርሲ የፖሲዶን ልጅ ያደረገው ደራሲው ሪክ ሪዮርዳን ነው። በመጽሐፉ የፐርሲ እናት ስሙን ያወጣችለትም የጥንቱ ጀግና እንደሌሎቹ ሳይሆን መጨረሻው ስላማረለት ነው።

ስህተቱ ትንሽ ይመስላል፤ የአንድሮሜዳን ታሪክ ግን ያበላሸዋል። የኢትዮጵያው ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳ (የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» የት ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው) ከዐለት ጋር ታስራ አውሬ ሊበላት ሲል ያዳናት ፐርሴየስ ነው። አውሬውን የላከው ማን ነው? ራሱ ፖሲዶን! በአስተያየቱ ከሄድን ፐርሴየስ የገዛ አባቱን አውሬ ገደለ ልንል ነው።

ማጣራት የፈለገ የግሪክ ተረቶች የተሰበሰቡበትን ጥንታዊ ጽሑፍ፣ የአፖሎዶሮስን «ቢብሊዮቴካ» 2ኛ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ 4ን ይክፈት። እዚያ አንዳንዶች አባቱ የዳናኤ አጎት ፕሮኢቶስ ነው እንደሚሉ ተጠቅሷል። ፖሲዶን ነው የሚል ግን የለም።