ለማን ነው የጮህነው?

ወገኖቼ፣ በተለይ አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስለ አሰልጣኙ ጆ ፓተርኖ። አሁንም «ሰውየው ተበደለ፣ ከቦታው የተነሳው ሐውልቱ ይመለስለት» ሲባል እሰማለሁ። ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ።

ትልቅ አሰልጣኝ እንደነበር አልክድም። ከ1966 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን መርቷል። 409 ጨዋታ አሸንፏል። በ1982 እና በ1986 ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆኗል። ተጫዋቾቹ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ ይወተውት ነበር። ለዩኒቨርሲቲው ሚሊዮኖች ሰጥቷል፣ ቤተ መጻሕፍቱም በስሙ ይጠራል። አንቱ የተባለ ሰው ነበር። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

በ2001 አንድ ወጣት ረዳት በጠዋት ቤቱ ድረስ መጣ። ጡረታ የወጣው ምክትል አሰልጣኝ ጄሪ ሳንደስኪ በቡድኑ መታጠቢያ ቤት ከአንድ ትንሽ ልጅ ጋር ሲያደርግ ያየውን ነውር ነገረው። ፓተርኖ ለበላዩ ነገረ። በቃ። ፖሊስ አልተጠራም። ያ ልጅ የማን ነው ብሎ የፈለገው የለም። ሳንደስኪ ደግሞ ለችግረኛ ልጆች ባቋቋመው በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ለዓመታት ልጆች ማግኘቱን ቀጠለ። በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት።

«ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። እዚያ ዝምታው ነቀዘ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የኅዳሩ ሌሊት ነው። በ2011 ፓተርኖ በስልክ ሲባረር በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ጎዳና ወጡ። የቴሌቪዥን ጣቢያ መኪና ገለበጡ። ለአሰልጣኙ ነው ይሄ ሁሉ። ለልጆቹ ሻማ የበራው ከሁለት ቀን በኋላ ነው።

ፓተርኖ በወንጀል አልተከሰሰም። ቤተሰቡም ነገሩን ሸሽጓል መባሉን አጥብቆ ይቃወማል። ይሁን። እሱ ራሱ ግን ከመባረሩ በፊት ባወጣው መግለጫ «ምነው የበለጠ ባደረግሁ» ብሎ ተጸጽቷል። እሱ የተጸጸተበትን እናንተ ስለምን ትሟገቱለታላችሁ?

ዩኒቨርሲቲው ያለባት ስቴት ፔንስልቬንያ እንኳ ከዚህ ተምራ በ2014 ሕጓን ቀይራለች። ልጅ የሚያስተምር ወይም የሚያሰለጥን ሰው ጥቃት ከጠረጠረ፣ ለአለቃዬ ነግሬአለሁ ማለት አያድነውም። ራሱ በቀጥታ ለስቴቱ ማሳወቅ አለበት።

እኛስ? የእኛ ይሉኝታ ከፔን ስቴት ይብሳል እንጂ አያንስም። ልጅ «እሳቸው ጋ አልሄድም» ሲል «ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» ብለን እናፍነዋለን። ሰውየው የተከበረ ነው፣ ቤተሰቡ ይዋረዳል፣ ሰው ምን ይለናል እንላለን። ተዉ እንጂ! ልጁ እምቢ ሲል ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ምን እንደሆነ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። ከነገራችሁ ደግሞ ሽማግሌ አትሰብስቡ። በዚያው ሌሊት ለፖሊስ ደውሉ።