አልካትራዝ ላይ የማን ድምፅ ይሰማ?

ቻይናዊው አርቲስት አይ ዌይዌይ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2014 እስከ ሚያዝያ 2015 በሳን ፍራንሲስኮው አልካትራዝ ደሴት ባቀረበው ዐውደ ርእይ፣ በአሮጌዎቹ የእስር ክፍሎች ውስጥ የታሰሩ ሰዎችን ዜማና ግጥም አሰምቷል። ደሴቱ እስከ 1933 የአሜሪካ ጦር ምሽግና እስር ቤት፣ ከ1934 እስከ 1963 ደግሞ የፌዴራል ወህኒ ነበር። ሥራው ለቦታው ይገባ ነበር?

ደጋፊ፦ በሚገባ። ሰው ጀልባ ተሳፍሮ ወደ አልካትራዝ የሚሄደው ታዋቂው የወንበዴዎች አለቃ አል ካፖን የታሰረበትን ለማየት ነው፤ የጦሩን ዘመን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አይ ዌይዌይ ግን የመረጠው ከጦሩ ዘመን ብዙም ሳይነካካ የቀረውን «ኤ» ብሎክ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት «ኅሊናችን መሣሪያ ማንሣት አይፈቅድልንም» ያሉ ሰዎች የታጎሩት እዚያ ነው። በ12 ክፍሎች በርጩማ አኖረ፤ ጎብኚው ገብቶ ይቀመጥና ያዳምጣል፤ አንዱ ጋ ናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ ፌላ ኩቲ፣ አንዱ ጋ የሩሲያ ሴቶች የሙዚቃ ቡድን ፑሲ ራየት፣ አንዱ ጋ የቲቤቱ ዘፋኝ ሎሎ። ሁሉም ለእስር የተዳረጉት ባለሥልጣን የማይወደውን በመናገራቸው ነው።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ፌላ የታሰረው ናይጄሪያ፣ ሎሎ ቲቤት። የ«ኤ» ብሎክ ሰዎችስ የት ሄዱ? ደሴቱ እንደሆነ ድምፅ አልቸገረውም፤ የቀድሞ እስረኞችና ጠባቂዎች በራሳቸው አንደበት የሚናገሩበት ትረካ ለጎብኚ በጆሮ ማዳመጫ ይሰጣል። አርቲስቱ ደግሞ ደሴቱን አልረገጠም።

ደጋፊ፦ ያልረገጠው እኮ ፓስፖርቱን የቻይና መንግሥት ስለቀማው ነው! በ2011 ለ81 ቀን የታሰረ ሰው ስለ እስር ክፍል የሚነግረው አያስፈልገውም። የጆሮ ማዳመጫው ትረካ ደግሞ በዋናነት የፌዴራሉን ዘመን ነው የሚያወራው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ማን ቀዳቸው? በ1895 አሥራ ዘጠኝ የሆፒ ሰዎች (ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ) ከአሪዞና ታስረው መጡ፤ ጥፋታቸው ልጆቻችንን ለመንግሥት ትምህርት ቤት አንሰጥም ማለታቸው ነበር። አይ ዌይዌይ በእስር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ባለው ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕሙማን ይዘጋባቸው በነበሩት ሁለት ክፍሎች፣ በአንዱ የሆፒን ዜማ፣ በሌላው የቲቤት ቡድሃውያንን ጸሎት አሰማ። እኔ ስለ አሥራ ዘጠኙ የሰማሁት በዚህ ሰበብ ነው።

ተቃዋሚ፦ እኔንም የሚከነክነኝ ይኸው ነው። ያ ሕንፃ ያለቀው በ1912 ነው፤ ሆፒዎቹ ከተፈቱ ከ17 ዓመት በኋላ። ግድግዳው አያውቃቸውም። እዚያ ቆሞ ዜማቸውን የሚሰማ ሰው ግን ያላሰበውን ያስባል፦ እዚሁ ክፍል፣ እንደ እብድ ተቆጥረው፣ እንደተዘጋባቸው። በልጆቻቸው ምክንያት የታሰሩ አባቶች ናቸው እኮ፤ ታሪካቸው ያለ ጭማሪ ይበቃ ነበር። ቲቤት ጎን ሲቀመጥ ደግሞ አሜሪካዊው ጎብኚ ቤይጂንግን እየወቀሰ፣ የራሱን ጦር ረስቶ ይወጣል።

ደጋፊ፦ በዚያው ዐውደ ርእይ በሌጎ (በፕላስቲክ መጫወቻ ጡቦች) ከተሠሩት ምስሎች መካከል የአሜሪካን መንግሥት ምስጢር ያወጡት ስኖውደንና ማኒንግ ነበሩ፤ ማኒንግ ያኔ በአሜሪካ ጦር እስር ቤት ነበረች። ስለዚህ ረሳ አይባልም። የሕንፃው ዘመን ካሳሰበዎት በሩ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

ተቃዋሚ፦ ጆሮ ካመነ በኋላ ጽሑፍ የሚያነብ ስንቱ ነው? እኔ ብሆን የሆፒውን ዜማ ከሕንፃው አወጣው ነበር፤ ግቢው ላይ፣ በነፋሱ መሀል ይሰማ።

ደጋፊ፦ ግቢው ላይ ማንም አይቆምም፣ እህቴ፤ ሁሉም ጀልባ እንዳያመልጠው ይሮጣል።