እርማት፦ ዝዋይ ላይ አሳ እምቢ ሲል ወደ ጥልቁ መግባት መፍትሔ አይደለም

«በበልግ አሳው ወደ ጥልቁ ስለሚሸሽ በጀልባ ራቅ ብላችሁ ጣሉ» የሚለው ምክር ለዝዋይ አይሆንም። የሐይቁ አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ወዴት ይሸሻል? ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) በርቢ ጊዜ እንዲያውም ወደ ዳር ይጠጋል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ ወለሉን ምሶ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ የዳበረውን እንቁላል በአፏ ይዛ ትቆያለች፣ ያኔ የምትበላው የለም ቢባል ይቀላል። አሳው እያለ መንጠቆው ዝም የሚለው አንድም በዚህ ነው።

ሌላው ጥፋት የመንጠቆው መጠን ነው። የቆሮሶ ዋና ምግብ ጥቃቅን አልጌ ስለሆነ፣ ሙሉ ትል በትልቅ መንጠቆ ሲቀርብለት ጫፉን ቀንጥቦ ይተወዋል፤ ተንሳፋፊው ይንቀጠቀጣል፣ ስትስቡት ባዶ። ፊላው ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ፣ ቁጥር 10 ወይም 12 መንጠቆ፣ አተር የምታህል ጠንከር ያለ ሊጥ ሞክሩ። ካርፕ ከወለሉ ስለሚለቅም ማጥመጃው ታች ይረፍ። አምባዛን የፈለገ ግን ቀን ባይደክም ይሻላል፤ ከመሸ በኋላ፣ ሽታ ባለው የአሳ አንጀት።

በአፏ እንቁላል የያዘች ሴት ቆሮሶ ከተያዘች ከውሃው ሳትወጣ መንጠቆውን ንቀሉላት፤ ከተጨነቀች እንቁላሉን ትተፋዋለች።